ከፍንዳታው በኋላ የሚበራው ጋዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬው ሐሳቤ የቬይል ኔቡላን ምስል ባየሁ ቁጥር የሚመላለስብኝ ነው። ይህ የሱፐርኖቫ፣ ማለትም የፈነዳ ግዙፍ ኮከብ፣ ቅሪት በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ ከእኛ 2,400 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሸል እ.ኤ.አ. በ1784 በቴሌስኮፑ ያየው ሲሆን፣ ኮከቡ የፈነዳው ግን ከ10,000 እስከ 20,000 ዓመት በፊት እንደሆነ ይገመታል።

ያንን የቀይና የሰማያዊ ክር ጥልፍልፍ ያየ ሰው የኮከቡ ስብርባሪ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን እዚያ የሚያበራው በአብዛኛው ከፍንዳታው በፊትም በስፍራው የነበረ፣ በከዋክብት መካከል የተበተነ ጋዝ ነው። ጋዙ እጅግ ስስ ነው፤ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ አንድ አቶም ያህል ቢገኝ ነው። ሆኖም በሰከንድ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወነጨፈው የኮከብ ፍርስራሽ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ሲሄድ፣ የጠረገው ጋዝ ከፍርስራሹ እየከበደ ይመጣና ፍጥነቱን ይነጥቀዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ብርሃኑ የሚደምቅበት ቦታ ነው። የፍንዳታው ሞገድ በስስ ጋዝ ውስጥ በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ለዓይን የሚተወው ፈዛዛ መስመር ብቻ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደመና ሲያጋጥመው ግን ፍጥነቱ በእጅጉ ይቀንስና፣ የተጨመቀው ጋዝ ሙቀቱን በብርሃን መልክ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል። ምስሉን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት፣ በብዙ ቦታ ገና ትኩስ ከሆነው ጋዝ የሚወጣው የኦክስጅን ሰማያዊ አረንጓዴ ከፊት ይቀድማል፤ የሃይድሮጅኑ ቀይ ደግሞ ጋዙ ይበልጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ከኋላው ይከተላል። በሌላ አነጋገር፣ እጅግ የደመቁት ክሮች ሞገዱ የተገታባቸው ናቸው። ኮከቡ ኃይሉን ሰጠ፤ መልኩን የወሰነው ግን በዙሪያው የነበረው ጋዝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግጭቱ የሚያፈራው ብርሃንን ብቻ አይደለም። አይሲ 443 የተባለው ሌላ ቅሪት ከሞለኪውል ደመና (ጥቅጥቅ ካለ ቀዝቃዛ ጋዝ) ጋር ሲጋጭ የሚወጣውን ከፍተኛ ኃይል ያለው የጋማ ጨረር ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መርምሮ፣ ፕሮቶኖች እዚያ ከፍተኛ ፍጥነት እንደሚያገኙ እ.ኤ.አ. በ2013 ማስረጃ ቀርቧል።

ኢትዮጵያ ያላችሁ አድማጮቼ፣ በመስከረም ደመናው ሲገፈፍ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲግነስን በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከከተማ መብራት ራቁና በቴሌስኮፕ 52 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ፈልጉ፤ የቬይል ምዕራባዊ ክር አጠገቡ ያልፋል። ኮከቡ ራሱ ግን ለእኛ በጣም የቀረበ፣ በአጋጣሚ ከፊቱ የተሰለፈ እንጂ የቅሪቱ አካል አይደለም።