የጠመኔ ገደል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። እናንተ አይሸታችሁም እንጂ ቤቱ በሙሉ ተርፔንታይን ተርፔንታይን ይላል፤ የዘይት ቀለም ማቅጠኛው።

ባለፈው ቅዳሜ ከፓሪስ ተነስቼ ኤትረታ ሄጄ ነበር። ኖርማንዲ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። አንድ ሸራ፣ ሰባት ቱቦ የዘይት ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና አንድ የቀለም ቢላ ይዤ። ሐሳቤ ገደሉንና ባሕሩን እዚያው ቆሜ ልስል ነው፤ ኢምፕሬሽኒስቶቹ፣ ማለትም ከቤት ወጥተው የብርሃኑን መቀያየር ይስሉ የነበሩት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች እንዳደረጉት።

በመጀመሪያው አንድ ሰዓት የሳልኩትን ብታዩ ትስቁ ነበር። የአዲስ አበባ የግንብ አጥር! ምን ላድርግ፣ ድንጋይ ሲባል እጄ በራሱ ወደ ጥቁር ነው የሚሄደው። ያደግኩት በጥቁር ድንጋይ መሃል ነዋ። የኤትረታ ገደል ግን ጠመኔ ነው። አዎ፣ ጠመኔ፤ ስትነኩት እጃችሁ ላይ ነጭ ዱቄት የሚተው። በመሃሉ ባልጩት መስመር በመስመር ተደርድሯል። ባሕሩ ጠመኔውን ሲበላው ባልጩቱ ይወድቃል፣ ማዕበሉ እያንከባለለ ይሞርደዋል። ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ጠጠር የሆነው ለዚህ ነው። መቆም ራሱ ፈተና ነው፤ የሸራዬ መቆሚያ ሁለቴ ተንሸራቶብኛል።

እሺ፣ ጥቁሩን በቢላ ፋቅኩትና ነጭ ቀባሁ። ያም አልሆነም። ሰማዩ ደመና ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ገደሉ ከላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ጥላው ጋ ሐምራዊ፣ ውሃው የሚደርስበት እግሩ ደግሞ አረንጓዴ ሽበት የያዘ ቡኒ። ነጭ የሚባል የለም። አረፋውም ያው ነው፤ አብዛኛው ግራጫ ሰማያዊ ነው። ንጹሕ ነጭ ያስፈለገኝ ሦስት ቦታ ብቻ ነበር።

ችግሩ እርጥብ ቀለም ላይ እርጥብ ቀለም ሲያርፍ አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅድላችሁ። አስቀምጦ እጅን ማንሳት። ደግማችሁ ከጎተታችሁት ጭቃ ይሆናል። እኔ ደግሞ መነካካት አመሌ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ድንጋዩና ውሃው የሚገናኙበት ቦታ ነው። መስመር ካሰመራችሁለት ገደሉ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ ይመስላል። ደግሞ ያ ቦታ አይቆምላችሁም። ባሕሩ ወደ ዳርቻው እየገባ ነበር፤ ቀና ባልኩ ቁጥር የገደሉ እግር አጥሮ አገኘዋለሁ። ከኢምፕሬሽኒስቶቹ አንዱ ክላውድ ሞኔ እዚሁ ሲሠራ ልጆች አምስት ስድስት ሸራ ተሸክመው ይከተሉት ነበር። ብርሃኑ በተቀየረ ቁጥር ሸራ ይቀይራል። ድሮ የሀብታም ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ሌላ መላ የለውም።

እሱም ቢሆን አልቀናውም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1885 ማንፖርት ከሚባለው ትልቁ የድንጋይ ቅስት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ሲስል፣ ባሕሩ እየሸሸ ነው ብሎ ተዘናግቶ ነበር። ለካ እየገባ ነው። ማዕበሉ አንስቶ ከገደሉ ጋር አላተመውና ከነዕቃው ጎተተው። በእጁና በእግሩ እየዳኸ ወጣ። ፓሌቱ፣ የቀለም መደባለቂያው፣ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ጺሙ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ነበር። ሥዕሉም ተቀዳዶ ቀረ። ይህን ሁሉ በደብዳቤ የጻፈው ራሱ ነው። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ባሕሩ የሚገባበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ቀድሜ አይቼ ነው የሄድኩት።

ሸራው አሁን ወጥ ቤት ግድግዳ ተደግፎ እየደረቀ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። በሐምራዊው ስር እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ትናንት ጓደኛዬ መጥታ አየችውና፣ «ይሄ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ባልጩት ነው» አልኳት።