«እሺ» ገና ሽያጭ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጎንደር ሆናችሁ በቴሌግራም ጋቢና ቀሚስ ለምትሸጡ ሰዎች ስለ አንዲት ቃል ላውራችሁ፤ «እሺ» ስለምትባለው።

ገዢ «እሺ» ሲል ሰምቻለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ተስማምቻለሁ ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ እምቢ ማለት ከብዶትም ይሆናል። ሻጩ ግን ተስማማ ብሎ ጋቢውን ያስቀምጣል፣ ሌላውን ፈላጊ ይመልሳል። ስለዚህ ከ«እሺ» በኋላ ወዲያው ጻፉ፦ «ባለ አራት ድርብ ጋቢ፣ አንድ፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ ማድረሻው ታስቦበታል፣ እስከ ነገ ማታ አስቀምጥልዎታለሁ።» በድምፅ አትላኩት። ድምፅ ለሰላምታ ደስ ይላል፤ በድምፅ የተነገረ ዋጋ ግን ከሳምንት በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

«አስቀምጥልዎታለሁ» ያልኩት አስቤበት ነው። አማርኛ «ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» ብላችሁ እንድትመርጡ ያስገድዳል፤ የገዢው የፕሮፋይል ፎቶ ደግሞ አበባ ነው። ለሴት «ላክልኝ» ብሎ መጻፍ ቀላል ስህተት ይመስላል፣ ግን ማን እንደጻፈላችሁ ልብ እንዳላላችሁ ያሳያል። «ይላኩልኝ» ከዚህ ሁሉ ያድናል። ለልጃቸው ሠርግ ጋቢ የሚፈልጉ እናት ሊሆኑም ይችላሉ። ራሳቸው «አንቱ አትበለኝ» እስኪሉ ድረስ በእርስዎ ቆዩ።

«ትልቅ ነው?» ሲሏችሁ «አዎ» ብቻ አትበሉ። ሜትር ዘርግታችሁ ቁመቱንና ወርዱን ፎቶ አንሡ፤ ጥለቱን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፊልተር። ቀለሙ ሌላ ነው የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከማታ አምፖል የሚመጣ ነው።

ዋጋውንም ፖስቱ ላይ ጻፉት፤ «በኢንቦክስ» ማለት ገዢን ያሸሻል። አንድ ነገር ግን አስታውሱ፦ የቻናላችሁን ፖስት ብታስተካክሉም ሰዎች ፎርዋርድ ያደረጉት ቅጂ አይስተካከልም። አሮጌው ዋጋ ከአዘዞ እስከ ዋሽንግተን ይዞራል። «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል መስመር ከዋጋው ሥር ካለ ክርክሩ ያጥራል።

ክፍያ ላይ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፣ የተላከላችሁ ኤስኤምኤስም ተመሳስሎ ሊሠራ ይችላል። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ እዩ። ገንዘቡ ካልታየ «አልላኩም» አትበሉ፤ ኔትወርክ የሚያዘገይበት ጊዜ አለና ሐቀኛውን ገዢ ሌባ ታደርጉታላችሁ። «እስካሁን አልገባም፣ የግብይት ቁጥሩን ይላኩልኝ» በቂ ነው። ዕቃው የሚወጣው ከገባ በኋላ ነው፤ ይህን ገና ዋጋ ስትነጋገሩ ተናገሩት፣ ከከፈሉ በኋላ ሲሰሙት ጥርጣሬ ይመስላቸዋል።

ውጭ ላሉ ገዢዎች ሰዓትና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር 9 ነው። «ጥር 5»ን ጃንዋሪ 5 ብሎ የሚያነብ አለ፤ በመካከላቸው 8 ቀን፣ አንዳንድ ዓመት 9 ቀን አለ።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በጥምቀት ሰሞን ነው። ለጥር 11 ቀሚስ ያዘዛችሁ ሰው ጥር 12 ቢደርሰው ምንም አያደርግለትም። ሸማኔው የነገራችሁን ቀን ለገዢ እንዳለ አታስተላልፉ፤ ቢያንስ 5 ቀን ጨምሩበት። ከዘገየ ደግሞ ገዢው ሳይጠይቅ እናንተ ቀድማችሁ ጻፉ፦ ምን እንደቀረ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ካልፈለጉ ቀብዱ በስንት ቀን እንደሚመለስ።