ምስር ስንለቅም የተገኘች ቅድመ አያት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ አትቀየሙኝ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ ደግሞ ማድቤት ውስጥ ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ድምፅ ምጣዱ ነው። ቀን ቀን መብራቱ ስለሚቆራረጥ ጋገራውን ወደ ማታ ካዞርኩት ቆየሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው በእንጀራ ልክ ነው፦ ሊጡን አዞራለሁ፣ አክንባሎውን እከድናለሁ፣ አወራለሁ፤ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ዝም እላለሁ። ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ በቴሌግራም "ጊዜውን ከየት አመጣሽው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የዘር ቆጠራውን ማለታችሁ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመጣሁትም።

ነገሩ የተጀመረው ከ3 ዓመት በፊት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች፦ የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ሥሪ። እኔ "ሰባት ቤት ቁጠሪ" ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሴት፣ እርሳስ ይዤ ከልጄ ጎን ቁጭ ብዬ ከአባቴ አያት አላለፍኩም። በእናቶች በኩልማ ጭራሽ፤ አያቴ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "በቃ?" አለችኝ። ያቺ "በቃ" ናት እስከ ዛሬ የምታንከራትተኝ።

ቤቴን ታውቁታላችሁ። ሁለት ልጅ፣ አንድ ባል፣ እስከ 11 ሰዓት ተኩል የቢሮ ሥራ። ቋሚ የቤት ሠራተኛ መቅጠር አቅሜን ካለፈ ቆይቷል፤ ተመላላሽ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ ልብሱን ታጥባ ቤቱን አጽድታ ትሄዳለች። ሌላው የእኔ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት፤ የዚያን ቀን ሮቶው እስኪሞላ አልተኛም። እና በዚህ መሃል ሙታን ልቆጥር ተነሣሁ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሠለጠነ ሰው ፕሮግራም አወጣሁ። ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ "የቤተሰብ ታሪክ" ብዬ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። 3 ሳምንት ቆየ። በአራተኛው ቅዳሜ ለቅሶ፣ በአምስተኛው ልጄን አመማት፣ ከዚያ ወረቀቷን የመብራት ደረሰኝ ሸፈናት።

እነዚያ 3 ቅዳሜዎችም ቢሆኑ ያስገኙልኝ ነገር የለም። አክስቴ ጋ ሄድኩ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ሳሎን አስቀመጥኳት፣ ስልኬን ፊቷ አደረግሁ፣ ደብተር ገለጥኩ። "እታለም፣ የአያትሽ ስም ማን ነበር?" ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልክ ፍርድ ቤት ለምስክርነት እንደቀረበ ሰው ቀጥ አለች። "እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አጎትሽን ጠይቂ፣ እሱ ነው ዐዋቂ።"

... ይቅርታ፣ ይቺን ላውጣት። እሺ። ዓይኗ አምሯል።

አጎቴ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ በአንድ ትንፋሽ 9 ትውልድ ይቆጥራሉ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው። የእኛ ዘር ከቢቸና በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ ድሮ ዘር መቁጠር ጨዋታ አልነበረም። ርስት ይገባኛል የሚል ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት፣ ለዚያውም ተከራካሪ ፊት። አጎቴ ልጅ ሆነው አባታቸው ያስጠኗቸው ለዚህ ነው። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጁ ወጣ፣ ርስት የሚባል ነገር ቀረ፣ የአጎቴ ጥናት ግን አፋቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ፍርድ ቤት የማይቀርብ መዝገብ ሆነ በሉት።

ሲጨርሱ "ሚስቶቻቸውስ? እናቶቹስ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ለነገሩ ርስት በእናት በኩልም ይወረስ ስለነበር፣ በዚያ ቆጠራ ውስጥ አልፎ አልፎ ሴት ብቅ ትላለች፤ መሬት ይዛ ከመጣች ማለት ነው። መሬት ይዛ ያልመጣችው ስሟም አልመጣም። "እሱን ሴቶቹን ጠይቂ" አሉኝ። ሴቶቹ ወደ እሳቸው ልከውኛል፣ እሳቸው ወደ ሴቶቹ መለሱኝ።

አሁን ወደ ምስሩ እንምጣ።

አምና ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ነው። እታለም እኔ ቤት መጣች። 5 ኪሎ ምስር ገዝቼ ነበር፣ ጠጠሩ ለጉድ ነው፣ ሁለት ሰፌድ ዘርግተን ቁጭ አልን። ደብተር የለ፣ ጥያቄ የለ። እሷ ስትለቅም አይታችኋት ቢሆን! በአውራ ጣቷ ትንሽ ትንሽ ወደ ራሷ ትስባለች፣ ጠጠሯን ሳታያት በጥፍሯ ታውቃታለች፣ ያቺን ወደ ጎን ታደርግና ቀጥላ ትስባለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እንዲህ እንዳለን በመሃል "አያቴ ብታይሽ ትስቅብሽ ነበር" አለችኝ። "እሷ እማሆይ ከሆነች በኋላም ለሰንበቴው ምስር የምትለቅመው እሷ ነበረች። ከጣቷ ጠጠር አያመልጥም።"

እኔ እጄ ቆመ። ቀስ ብዬ ስልኬን ከሰፌዱ ሥር አስገባሁና ሪከርድ ነካሁ። አሳውቄያታለሁ በኋላ፣ አትስጉ፤ ተቆጥታኝ ስታበቃ "እስቲ አሰሚኝ" አለች።

ደብተሬ ላይ በዚያን ጊዜ 3 ሴቶች ነበሩ። አንዷ አባቴ በቤት ስሟ የሚያነሣት ናት፤ ስሟን እዚህ አልጠራውም፣ ዘመድ ይሰማኛል። ሁለተኛዋ ወለተ ማርያም፣ ከድሮ የተዝካር ወረቀት ላይ ያገኘኋት፣ ቄሱ እንዲያስቧቸው ተጽፈው ከተሰጡ ስሞች መሃል። ሦስተኛዋ ከእታለም ሣጥን በወጣ ፎቶ ላይ ያለች፣ ቆብ የደፋች አሮጊት፣ ከጀርባው "እማሆይ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ 1958" ተብሎ ተጽፏል። ለሦስቱም የየራሳቸው ገጽ ሰጥቼ፣ ከ1 ዓመት በላይ የማን ሚስት፣ የማን እናት እያልኩ ስዳክር ነበር።

እታለም እየለቀመች ምን አለች መሰላችሁ? "ቀብሯ ላይ 10 ዓመቴ ነው። ቄሱ በፍትሐቱ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም ሲሉ፣ የሌላ ሰው ቀብር መሰለኝና 'አያቴስ የታለች?' ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ሰው ሁሉ አለቀሰ።"

ሦስቱም አንዲት ሴት ናቸው። የቤት ስሟ፣ የክርስትና ስሟና ቆቧ። የ10 ዓመት ልጅ የተሳሳተችውን ስህተት እኔ በ38 ዓመቴ በሦስት ገጽ ጽፌዋለሁ።

ሳሎን አስቀምጬ ስጠይቃት ይህን አታውቅም ነበር? ታውቅ ነበር። ግን "ስም ማን ነበር" ለእሷ የወንዶች ጥያቄ ነው፣ የችሎት ጥያቄ። እሷ የምታውቀውን የምታውቀው በጠጠሩ፣ በሰንበቴው፣ በቀብሩ በኩል ነው። እጇ ሲሠራ ነው የሚመጣላት። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ ሄጄ አላውቅም። ነጭ ሽንኩርት ይዤ እሄዳለሁ። ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን የሰማሁትን ብትሰሙ!

የአያቴን ልደት ያገኘሁትም እንዲሁ ነው። በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ 1940 ዓ.ም ይላል፤ ጸሐፊው ፊቷን አይቶ ገምቶ የሞላው ነው። በዚያ ከሄድን አያቴ እታለምን በ1950 የወለደቻት በ10 ዓመቷ ነው። እታለም ግን ሽንኩርት እየላጥን፣ "እናቴ እንኳ ጣሊያን ሊወጣ ዓመት ሲቀረው፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የተወለደችው" አለች። እንዲህ በቀላሉ! የሰማሁትን ሌሊት ምጣድ ላይ ሆኜ መልሼ ሳዳምጠው ነው የገባኝ። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፣ ዓመት ሲቀረው 1932። ዘመኑስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ተብሎ የሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 1932 ስትደምሩ 7432፤ ለ4 ስታካፍሉት ቀሪ የለውም። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። በጣቴ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው ዱቄት ላይ ሠራሁት፣ ገጠመ! ኅዳር 13 ቀን 1932 ዓ.ም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ነው፤ የአያቴ ምዝገባ ግን እታለም አፍ ውስጥ ነበር።

በዚያ ደስታ ላይ አክንባሎውን ረስቼ ነበር። እንጀራው እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ጠበቀኝ።

አሁን ግን ሥራና ታሪክ ተዋደዱልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። መስማቱ ከሥራ ጋር ይሄዳል፤ መጻፉ አይሄድም። ስልኬ ላይ ያልተገለበጡ 41 ድምፆች አሉ። አንዱን የ20 ደቂቃ ድምፅ ወደ ደብተር ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፣ በዚያ ላይ እጄም ጆሮዬም ነጻ መሆን አለባቸው፣ ሁለቱ አብረው ነጻ የሚሆኑበት ሰዓት ደግሞ እኔ ቤት የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ጣልኩ፦ ካውያ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብቻ ነው የምተኩሰው። እሑድ ማታ የካውያው ሰዓት የደብተር ሆነ። ባለቤቴ ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ከጀመረ 6 ወር ሆነው፣ ኮሌታው ላይ አሁንም ይቸገራል፣ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

እሱም ዝም ብሎ አላለፈኝም። አንድ ቀን ሽሮው አርሮ፣ ልጆቹ መክሰስ ሳይበሉ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ሲያገኘኝ፣ "ሙታኑን ቆጥረሽ ስትጨርሺ እኛንም ቁጠሪን" አለኝ። ሳቅሁ። ሌሊት ላይ ግን አላሳቀኝም። እውነት ነበረዋ! ከዚያ በኋላ ራት ሰዓት ላይ ማዳመጫ የለም፣ እሱን ሕግ እስካሁን አላፈረስኩም። ሁለት ጊዜ ብቻ።

... እሺ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሊጡ አልቋል።

አንድ ነገር ነው የቀረኝ። የወለተ ማርያም እናት። እታለም አንዴ ብቻ "የአያቴ እናት ግራኝ ነበረች፣ እንጀራ የምታዞረው በግራ ነው" ብላ ጀምራ፣ ሽንኩርቱ አለቀና ተነሣች። ስም አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም፣ ከጠየቅኳት "አጎትሽን" እንደምትለኝ አውቃለሁ።

የሚያስፈልገኝ ረጅም ሥራ ነው። ስለዚህ በርበሬ ገዛሁ። የቡሬ ዛላ፣ 15 ኪሎ። በርበሬ መቀንጠስ ቢያንስ ሁለት ቀን ያስቀምጠናል ብዬ። ለአራት ሰው ቤት ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ማዳበሪያውን እያየ "ይህን ሁሉ በርበሬ ለማን ነው?" አለኝ።

"ለግራኟ" አልኩት። ቅዳሜ እታለም ትመጣለች።