ብርዱን ለቀቅ አድርጉት

ሰይድ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከደሴ ነን። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ አልታይ ብሏል። ሀናም እንደ ልማዷ በጋቢ ተጠቅልላ መጥታለች።

ሀና፦ ምን ላድርግ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሐረጎን ስወጣ ነው ብርዱ የሚቀበለኝ።

ሰይድ፦ የዛሬው ወሬያችንም በብርድ ይጀምራል። የአክስቴ ጣቶች ያብጡ ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ "የደሴ ብርድ ነው" አለ። ቅባት ተቀቢ፣ እሳት ዳር ተቀመጪ ተባለች። ከዚያ አንድ ቀን የጋብቻ ቀለበቷ አልወጣ ብሎ ወርቅ ቤት ሄዳ ተቆረጠ። ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሳት እሱ ነው።

ሀና፦ ውይ! ሐኪም አላየችም?

ሰይድ፦ አይታለች እንጂ። አንድ ቦታ "ሪህ ነው፣ ሥጋ ተይ" አሏት። ተወች። ጣቷ ግን ባሰበት። ኋላ ሌላ ቦታ ደሟ ታይቶ ነው ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ማለት ነው።

ሀና፦ ሪህ እኮ ሌላ ነው። ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል። የአክስትህ ግን ሴቶችን ነው ሁለት ሦስት እጥፍ የሚይዘው። የሁለቱንም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይዞ ይነሳል። ጠዋት ጣቷ አልታጠፍ ይላታል አይደል?

ሰይድ፦ ከአንድ ሰዓት በላይ! ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ትቀዳና በሁለት እጇ አቅፋው ትቀመጣለች። አትጠጣውም። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ጣቶቿ ይፍታታሉ። ከዚያ በፊት ቁልፍ እንኳ አትቆልፍም። ጎረቤት ደግሞ "የመከላከል አቅምሽ ደክሞ ነው" እያለ ጥቁር አዝሙድ በማር ያስልሳታል።

ሀና፦ አዝሙዱስ ምን አለበት። አባባሉ ነው የተጣመመው። ቆይ፣ ባንክ ቤት የገጠመህን ንገራቸው።

ሰይድ፦ እሱን ባትነኪብኝ። ደብተሬ "ሰይድ" ይላል፣ መታወቂያዬ "ሰዒድ"። ልጁ ፊቴን እያየ "አንተ አይደለህም" አለኝ።

ሀና፦ በቃ፣ ይኸው ነው። ሰውነታችን ፕሮቲኖቹ ላይ አርጊኒን የሚባለውን ወደ ሲትሩሊን የሚቀይርበት ጊዜ አለ። የአንድ ፊደል ለውጥ በለው። ማንም ሰው ላይ ይከሰታል፣ አብዛኛው ሰውነት ንቆ ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን፣ በተለይ በዘሩ ተጋላጭ የሆነው፣ "ይሄ የኔ አይደለም" ብሎ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድን የሚያጠቃ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ያመርትበታል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ የሚፈልገው ያንን ነው።

ሰይድ፦ ያ ሲሆን ነው ጣቷ ያበጠው?

ሀና፦ የለም! ይሄ ነው የሚገርመኝ። አንቲቦዲው እብጠቱን በዓመታት ቀድሞ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሲጋራና የድድ በሽታ ነገሩን ከሚያባብሱት ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ሽኩቻው የሚጀመረው ሳንባና ድድ አካባቢ ሊሆን ይችላል ይላሉ ተመራማሪዎች። ብርዱ ሕመሙን ያብሰው ይሆናል እንጂ አያመጣውም። ሙቀት ቢያድን ኮምቦልቻ በሽተኛ ባልኖራት!

ሰይድ፦ ምርመራው "የለም" ካለስ?

ሀና፦ ነፃ ነሽ ማለት አይደለም። አንቲቦዲ ሳይገኝባቸው በሽታው ያለባቸው አሉ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ሌላው የሚመረመር አንቲቦዲ ደግሞ ቲቢ ያለበት ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ እጅሽን ማየት አለበት።

ሰይድ፦ እና አቅሟ አልደከመም ነው የምትዪው?

ሀና፦ እ... እሱ ላይ ጎረቤት ትንሽ እውነት አለው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዚህ በሽታ ያለ ዕድሜያቸው ያረጃሉ። ስለዚህ መከላከያው በአንድ በኩል የራሱን ሰውነት ያጠቃል፣ በሌላ በኩል ኢንፌክሽን ሲመጣ እንደ ድሮው አይመክትም። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ።

ሰይድ፦ መድኃኒቱ ደግሞ ያንኑ መከላከያ ነው ዝቅ የሚያደርገው።

ሀና፦ አዎ፣ ግን ዝም ካሉት መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ቲኤንኤፍ የሚባል ቁጣውን የሚያራግብ ንጥረ ነገር አለ። እሱን የሚያግዱ መርፌዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሉ፣ በፈረንጆቹ። ዋጋቸው አይቀመስም። ቲኤንኤፍ ደግሞ የተኛ ቲቢን ከብቦ የሚይዘውን አጥር ከሚያቆሙት አንዱ ነው። አጥሩ ሲላላ ቲቢው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቲቢ ይመረመራል። በእኛ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሰይድ፦ አክስቴ ሜቶትሬክሴት ነው የምትወስደው።

ሀና፦ በሳምንት አንዴ!

ሰይድ፦ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ። ፎሊክ አሲድም አላት።

ሀና፦ ጎሽ። በየቀኑ የዋጡትና ለሞት የደረሱ ሰዎች አሉ። ማርገዝ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፣ ለፅንስ አደገኛ ነው። ፕሬድኒሶሎንንም ከፋርማሲ በራሳችሁ እየገዛችሁ አትዋጡ። ጣት ቶሎ ስለሚያፍታታ ይወደዳል። አጥንት ሲያሳሳና ስኳር ሲያወጣ ግን ቀስ ብሎ ነው።

ሰይድ፦ እሷንም ያንን ብለው ሸጠውላት ነበር። አሁን ደህና ናት፣ ሊጥ ታቦካለች። ቀለበቷን አስበየደችው፤ ጣቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከአንገት ሐብሏ ጋር አንጠልጥላዋለች።

ሀና፦ አብሽሪ በልልኝ። ዛሬ ቀኑ ምንድነው?

ሰይድ፦ ረቡዕ... ሐሙስ! ኧረ ሐሙስ ነው። መቅጃውን አጥፊልኝ፣ ልደውልላት።