ትርፉም ስህተት ነው

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድሬ እስካሁን ሙቀቷን አልለቀቀችም፣ ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ግን ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ቀፊራ አካባቢ አንድ ጨርቅ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሒሳብ እንዘጋለን። ብሩ ይቆጠራል፣ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከራል። ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ደረሰኙ አንድ በአንድ ይገለበጣል፣ መሳቢያው ይበረበራል፣ ብሩ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ጉድለት ከደሞዝ ይቆረጣል። ትርፍ ከመጣ ግን "ተመስገን" ብለን እንበተናለን። ትርፍን ደግሞ የቆጠረ ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን 400 ብር ተረፈ። ተመስገን ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ፣ ለልጃቸው ሰርግ ጨርቅ የገዙ። "ልጄ፣ ያን ቀን መልሴን ሰጥተሽኛል?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳያሳፍሩኝ እየተጠነቀቁ። "ሰጥቻለሁ እናቴ" አልኩ። አፌ ነው የተናገረው፣ ግን 400ዋ ብር ወዲያው ትዝ ብላኛለች። "እሺ፣ እኔው ጥዬው ይሆናል" ብለው ወጡ። አልተከተልኳቸውም። ብሩ ባለቤቱ ካዝና ነው የገባው፣ እኔ ኪስ አልገባም፤ ስንት ዓመት በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

ለምን አሁን ትዝ አለኝ? ባለፈው ወር መሥሪያ ቤት አንድ ሪፖርት አቀረብኩና ተመሰገንኩ። ሪፖርቱን ሪፖርት ያደረገው ግን ሰንጠረዡ ነበር፣ እሱን ደግሞ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው ሦስት ሌሊት አምሽቶ የሠራው። አለቃችን "አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር" ሲለኝ ፈገግ አልኩ። ልጁ እዚያው ተቀምጧል።

ከከዚራ ወደ መጋላ ስመለስ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆምኩ። ከታች ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። የ1998ን ሐምሌ መጨረሻ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ግን ያን አሸዋ ዝም ብሎ አሸዋ ነው አይልም። ያ ሁሉ ሰው የሞተበት ጎርፍ በሌሊት ነው ከላይ ከደጋው ወርዶ የደረሰብን። እዚያ ቆሜ የኔም ፈገግታ ከየት እንደወረደ አወቅሁ፣ ከዚያ ከጨርቅ ቤቱ "ሰጥቻለሁ" ነው።

እና አቦ፣ ራሳችንን እንመረምራለን የምንል ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንፈልገው ጉድለት ነው። ምን ቀረኝ፣ የት ወደቅኩ፣ ለምን አልጸለይኩም። ጥሩ ነው። ግን እጄ ላይ ያለው የኔ ያልሆነው ምንድነው ብሎ የሚቆጥር ስንት አለ? ያልሠራሁበት ምስጋና፣ ሌላው የከፈለልኝ ዋጋ፣ ዝም በማለቴ ብቻ የኔ የሆነ ነገር። ደግሞ ራስን መውቀስን ከዚህ ጋር አታምታቱት። ያልጎደለውን ጎደለ ብሎ መጻፍም የሐሰት ሒሳብ ነው፣ እኔ እሱንም አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን ሐጂ ከዒሻ፣ ከማታው ሶላት፣ በኋላ በራቸው ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሙሐሰባ ይሉታል፣ ከራስ ጋር መተሳሰብ። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። "የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለሽ አንገትሽ ላይ ነው" አሉኝ። በኛም ቤት ያው ነው። ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፣ እንደኔ ገንዘብ ተቀባይ፤ ጌታ ቤቱ ሲገባ አዝኛለሁ ብሎ አልተወውም፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። የንስሐ አባቴም መጀመሪያ የጠየቁኝ "መልሰሻል ወይ?" ብለው ነው።

በማግስቱ ልጁን ይዤ አለቃችን ጋ ገባሁ፣ ሰንጠረዡ የሱ እንደሆነ ተናገርኩ። አለቃችን ዝም አለና "ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ። "ደስ ብሎኝ ነበር" አልኩት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ልጁ ምንም አላለም፣ ሁለት ቀን ያህል አላናገረኝም። መብቱ ነው።

ያችኛዋ 400 ብር ግን አለች። ቤተ ክርስቲያን ሰጥቼ ነበር፣ ግን የሳቸው ሐቅ እሳቸው እጅ አልገባም። ቅዳሜ ቀፊራ ስገባ አሁንም እሳቸውን ፍለጋ የሰው ፊት አያለሁ። የገዙት ሐምራዊ ጨርቅ ነው፣ ስድስት ሜትር። 1,600 ብር ሆኖ ሁለት ሺህ ሰጥተውኝ ነበር። ሴት ልጃቸውን እየዳሩ ነበር። እናቴ፣ ይህን እየሰሙ ከሆነ፣ ወይም ሙሽራዋ አንቺ ከሆንሽ፣ እባክሽ ጻፊልኝ።