ሁለት ጋቢና አንድ የዛፍ ቅርፊት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ላውጋችሁ።

ልጅ ሳለሁ ጣና ዳር ወባ ይዞኝ ነበር። መጀመሪያ የእግሬ ጣቶች ቀዘቀዙ፤ ወዲያው ጥርሴ ሳይቀር ይንገጫገጭ ጀመር። እናቴ ሁለት ጋቢ ደርባ አለበሰችኝና «በይ ክኒንሽን ዋጪ» አለችኝ። ምሬቱ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ክኒን የሚለው ቃላችን ራሱ ከኩዊኒን እንደመጣ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኩዊኒን የሚገኘው ደግሞ ከአንዲስ ተራሮች ዛፍ፣ ከሲንኮና ቅርፊት ነው። ሳሙኤል ሃነማንን ያገኘሁትም ይህን ቅርፊት ስከተል ነው።

ሃነማን በፈረንጆቹ 1755 ጀርመን ውስጥ ማይሰን ከተማ ተወለደ፤ በ1779 በሕክምና ተመረቀ። የዚያ ዘመን ሕክምና ደም ማፍሰስ ነበር፤ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ደባልቆ ማጠጣትም ነበር። እሱ ይህ በሽተኛን ይጎዳል ብሎ ሙያውን ተወና በትርጉም ሥራ ልጆቹን ማሳደግ ያዘ። ችግሩ ቀላል አልነበረም።

በ1790 የስኮትላንዳዊውን የዊልያም ከለንን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲተረጉም አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከለን ሲንኮና ትኩሳት የሚያድነው በምሬቱ ጨጓራን ስለሚያበረታ ነው ይላል። ሃነማን አልተዋጠለትም። ከዚህ የሚመርስ ስንት ነገር አለ አይደል? እናም ምንም ሳያመው ቅርፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 15 ግራም ገደማ፣ ለቀናት ወሰደ። እግሩና የጣቶቹ ጫፍ ቀዘቀዙ፤ ልቡ ይመታ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲተወው ተሻለው። ይህን ሳነብ እነዚያ ሁለት ጋቢዎች ትዝ አሉኝ።

ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር ተመሳሳዩን ሕመም ያድናል ብሎ ደመደመ። ሆሚዮፓቲ የሚባለው የሕክምና ዘዴ የተወለደው ከዚህ ነው። ግን ተሳስቷል። ሲንኮና ወባን የሚያድነው በሽታውን የሚያመጣውን ተውሳክ ስለሚገድል ነው፤ ተውሳኩን ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን አልጄሪያ ውስጥ ያየው በ1880፣ ሃነማን ፓሪስ ላይ ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ ነው። ኋላ ላይ መድኃኒቱን አንድ እጅ ለመቶ እያቀጠነ፣ ያንኑ ሠላሳ ጊዜ ይደጋግመው ጀመር፤ እዚያ ጠብታ ውስጥ የመድኃኒቱ ቅንጣት አይቀርም። በ2015 የአውስትራሊያ የጤና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን መርምሮ ሆሚዮፓቲ ለየትኛውም ሕመም እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ወባ የያዘው ሰው በዚህ ተማምኖ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ቢቀር ሊሞት ይችላል። ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም።

ታዲያ ለምን አነሳሁት? አጠያየቁን ስለምወደው ነው። አንድ ተክል ብቻውን፣ ከሌላ ሳይደባለቅ፣ በጤነኛ ሰው ላይ ይሞክራል፤ በራሱ፣ በቤተሰቡ፣ በተማሪዎቹ። በሙከራው ወቅት ቡና አይጠጡም፣ ወይን አይቀምሱም፤ የተሰማቸውን ሁሉ ይጽፋሉ። ከ1811 እስከ 1821 በስድስት ቅጽ አሳተመው። መልሱ ቢስትም መዝገቡን ማንም አንብቦ ሊሟገተው ይችላል።

እኛ ጋ የመድኃኒት ዕውቀት ምስጢር ነው። ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል፤ ስንት ዐዋቂ ለልጁም ሳይናገር አልፏል። ይህ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ምች መታው ለተባለ ልጅ ዳማከሴ እያሸች ነበር። ደብተሬን አወጣሁና «እትዬ፣ ስንት ቅጠል ነው?» አልኳት።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቅጠል ይቆጠራል እንዴ? እጅ ያውቀዋል!» አለችኝ።

ዝም ብዬ ጠበቅኋት። ትንሽ ቆይታ ሌላ እፍኝ ቀጠፈችና መዳፏን ከፍታ አንድ በአንድ ቆጠረች። አሥራ አንድ። ጻፍኩት።