መጀመሪያ ምስሉ ይታይ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቼ፣ እንኳን ለቡድን ሥራችሁ ማቅረቢያ ቀን አደረሳችሁ።

ስለ ኢንፎግራፊክ፣ ማለትም መረጃን በምስል ስለሚያሳይ ሥራ፣ ዲዛይን መርሆዎች የመክፈቻ ንግግር አድርጊ ተብዬ ነው የቆምኩት። ነገር ግን ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ብዙዎቻችሁ በክፍሉ ነበራችሁ። አምስት ልጆች ስለ ውሃ አጠቃቀም የሠሩትን ይዘው ወጡ። ሰማያዊው ቀለም ዓይን ይይዛል፤ ፊደሉ ከኋላ ወንበር ድረስ ይነበባል። መሃል ላይ ሁለት ክቦች አሉ፦ በአንዱ 100 ሊትር፣ በሌላው 200 ሊትር ተጽፏል። አቅራቢው አሥር ደቂቃ ሳይደናቀፍ ተናገረ። አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቁጥሩ እጥፍ ነው፤ ክቡ ግን ለምን ከእጥፍ በላይ ገዝፎ ይታየኛል?»

ዝም። አቅራቢው አጠገቡ ያለውን አየ፤ እሱም ቀጣዩን አየ። ዓይን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ላፕቶፑ ጋ የተቀመጠው ልጅ ላይ አረፈ። «ዲያሜትሩን እጥፍ አደረግኩት» አለ ቀስ ብሎ። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን የክቡ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። አምስቱም ይህን ሒሳብ ያውቁታል። አራቱ ግን ምስሉን ከእኛ ጋር ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩረው ያዩት!

እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመችው፣ እንደ ክብ ዳቦ ከመሃል በተቆራረጠ ሥዕል፣ በክሪሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ ብዙ ወታደር እንደገደለ አሳይታለች። የሟቾቹን ቁጥር የወከለችው በእያንዳንዱ ቁራጭ ስፋት ነው። ዓይን ስፋትን እንደሚያነብ ገብቷት ነበር።

ልጆቹን አልወቅስም። ቅሬታዬ በእኛ በመምህራኑ ላይ ነው። የውጤት መስጫ ቅጻችንን አውጥታችሁ እዩት፦ ለአነጋገር ማርክ አለው፣ ለውበት ማርክ አለው፣ ሰዓት ለማክበር እንኳ ማርክ አለው። «ምስሉ ቁጥሩን በትክክል ያሳያል ወይ?» የሚል አንድ መስመር የለውም! ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? አንዱ መረጃ ይሰበስባል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ያወራል፤ አምስቱም እኩል ማርክ ይዘው ይወጣሉ። ጥሩ ተናጋሪ ደግሞ የደከመውን ምስል በአፉ ይሸፍነዋል። ኢንፎግራፊክ ግን ነገ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳለት ሰው የለም።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። ባር ግራፍ፣ ቁጥርን በዓምድ ርዝመት የሚያሳየው፣ ከዜሮ ይጀምር፤ ከ85 ካስጀመራችሁት 95 የ90 እጥፍ መስሎ ይታያል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉና ልዩነቱን በቀለም ብቻ አታሳዩ፤ ስሙን እዚያው ጻፉበት። ትርጉም የሌለው አይከን (ትንሽ ምልክት) ይውጣ።

ስለዚህ ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን። ቡድኑ ምስሉን ያወጣል፤ አንድ ደቂቃ ማንም አይናገርም። ተመልካች የገባውን በወረቀት ይጽፋል፣ ሦስት ሰው ያነባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማብራሪያው። ስለ ሥዕሉ ለሚነሳ ጥያቄ የሚመልሰው ያልሳለው ልጅ ነው። ሰዓት ይወስዳል ያላችሁኝ ባልደረቦቼ አላችሁ፤ አዎ፣ ይወስዳል። ከንግግሩ ላይ እንቀንስለት።

አንደኛ ቡድን፣ ምስላችሁን አውጡ። መብራቱን አጥፉልን። ደቂቃው ተጀምሯል።